ከኮሌጅ ጋር ለመሥራት ደብዳቤ ይዘሽ አትጀምሪ

ሰላም እህቴ። ፒያሳ አካባቢ በመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ እንደምታስተምሪ ጽፈሻል፤ ተማሪዎችሽ ወደ ኢንጂነሪንግ እንዲያዘነብሉ ከኮሌጅ ጋር ለመሥራት ከየት ልጀምር ነው ጥያቄሽ። እኔም የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ይህንኑ ሠርተነዋል።

1ኛ፦ በ12ኛ ክፍል አትጀምሪ። ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚለው 11ኛ ሲገቡ ያልቃል። ሶሻል ለገባች ልጅ በ12ኛ ክፍል ኢንጂነር ብታመጪላት ምን ታደርገዋለች? 9ኛና 10ኛን ያዢ።

2ኛ፦ ደብዳቤ መዝገብ ቤት አስገብተሽ መልስ አትጠብቂ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ርዕሰ መምህራችን የፈረሙበትን፣ ማህተም ያለበትን ደብዳቤ አንድ ኮሌጅ አስገባሁ። «ለሚመለከተው ተመርቷል» አሉኝ። የሚመለከተው ማን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ ጠፋ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና፣ ሰኞ ና። በመጨረሻ አንዱ ኃላፊ ደብዳቤውን ሳያነበው «የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች መጥተው ዕቃ ሊሰብሩብን ነው?» አለኝ። ስለ ልጆቼ እኮ ነው! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የኤሌክትሪክ መለኪያውን መልቲሜትር በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ልጅ አጠቃቀሙን የት ይማረው?

በሩን የከፈተልን ሌላ ኮሌጅ ያለ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ የሚማር የቀድሞ ተማሪዬ ከእሱ ጋር አገናኘኝ፣ እሱ ደግሞ ከዲፓርትመንቱ ኃላፊ ጋር። ደብዳቤ የተጻፈው በቃል ከተስማማን በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ሌላ የማኅበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው፤ ደብዳቤሽ ላይ ይህን በግልጽ ጥቀሺ። ችሮታ እየለመንሽ አይደለም።

3ኛ፦ አዳራሽ ሰብስቦ ንግግር ማሰማት ይቅር። እኛ በቀጥታ ላብራቶሪ ነው የገባነው። ቴክኒሻኑ በየጎኑ 15 ሳንቲሜትር የሆነ፣ 28 ቀን የሞላው የኮንክሪት ኪዩብ መጭመቂያው ማሽን ውስጥ ከተተና «ስንት ኪሎኒውተን ይሸከማል?» ብሎ ልጆቹን አስገመታቸው። አንዱ 10 አለ፣ ሌላው 50። ቁጥሩ 500 ሲያልፍ ክፍሉ ጸጥ አለ፣ 560 ገደማ ላይ ተሰነጠቀ። ወደ 57 ቶን ማለት ነው! ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼው የማላውቀው አንዲት ልጅ ደብተሯን አውጥታ ፎርሱን ለስፋቱ አካፈለችና «25 ሜጋፓስካል ገደማ ነው» አለች። ቴክኒሻኑ የተሰበረውን ቁራጭ ሰጣት። ዛሬ ሲቪል እየተማረች ነው፣ በጣም እኮራባታለሁ። ለሴቶቹ ደግሞ የግድ ሴት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ትኑር፤ እኛ የማንመልሰውን ጥያቄ እሷን ይጠይቋታል፣ ዶርም እንዴት ነው፣ ወንዶቹ ያከብሯችኋል ወይ።

ለአንቺ ቅርቡ አምስት ኪሎ ያለው፣ ቀድሞ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ነው፤ በእግር ትደርሳላችሁ፣ ባስ መከራየት የለም። አርክቴክቸርና ግንባታ ለሚወዱት ልደታ ያለው ካምፓስ አለ። ሜክሲኮ ያለውን የሙያ ኮሌጅ፣ ተግባረ ዕድንም አትናቂው። ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) እና ብየዳ በቅርብ ያየ ልጅ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ምን እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል።

የወላጅ ፈቃድ አስቀድመሽ አስፈርሚ፣ የተማሪዎቹንም ስም ዝርዝር ከዋዜማው ለጥበቃዎቹ አድርሺ። እኛ ዝርዝሩ በር ላይ ስላልደረሰ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር።