ዛግሬብ ላይ አሳማ ሳይነኩ፣ ጾም ሳይገድፉ መብላት

እህቴ፣ «ለሦስት ቀን ዛግሬብ ነኝ፤ የአገሩን ባህላዊ ምግብ የት ልቅመስ? አሳማ አልበላም፤ አንዱ ቀን ደግሞ አርብ ነው» ላልሽው። በዚያች የክሮኤሺያ ዋና ከተማ ከምግብ ቤቱ ስም ይልቅ ድስቱ ውስጥ ምን እንደገባ ማወቁ ይበልጣል።

1. ሽትሩክሊ። ከከተማው ሰሜን ካለው ከዛጎርዬ ገጠር የመጣ ነው። ሊጡ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ይሳባል፤ ትኩስ አይብ፣ እንቁላልና ጎምዛዛ ክሬም ተደርጎበት ይጠቀለላል። የሚቆረጠው በሳህን ጠርዝ ነው፤ ሳህኑ ጫፉን ጨፍልቆ ይዘጋዋል፣ በቢላ ከተቆረጠ ግን አይቡ ሲቀቀል ይፈሳል። «ኩሃኒ» የተቀቀለው፣ «ፔቼኒ» ክሬም ፈሶበት በምድጃ የተጋገረው ነው። ፔቼኒውን እዘዢ፣ ጨዋማውን። ስካሊንስካ መንገድ ላይ ያለው «ላ ሽትሩክ» ከዚህ ሌላ ምግብ የለውም። እየተንተከተከ ስለሚመጣ አትቸኩዪ፤ ምላስ ይልጣል። ወተትና እንቁላል ስላለበት ለአርብ አይሆንም።

2. ቱርክ በምሊንትሲ። ምሊንትሲ ማለት የእኛ ድርቆሽ በላቸው፦ ስስ ቂጣ ደርቆ ይሰባበራል፣ የፈላ ጨው ውሃ ይፈስበታል፣ ተጠንፍፎ የቱርኳ ጥብስ በጣለው መረቅና ቅባት ይታሻል። ውሃው ውስጥ ከቆየ ገንፎ ይሆናል፤ ጥሩው ለስልሶም ቅርጹን የያዘው ነው። ቅባቱ የቱርኳ የራሷ መሆኑን ጠይቂ፤ «ስቪኝስካ ማስት» ካሉሽ የአሳማ ሞራ ነው።

3. ጋብሌትስ። በሥራ ቀን ረፋድና ምሳ ላይ ለሠራተኛ የሚቀርብ ርካሽ የዕለት ምግብ ነው፤ በራፉ ላይ በጠመኔ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ትክክለኛው የዛግሬብ ጣዕም ያለው እዚህ እንጂ ትካልቺቼቫ መንገድ ላይ ለቱሪስት በተደረደረው ወንበር አይደለም። የሐበሻ ጾመኛ የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። «ግራህ» የሚሉት የቦሎቄ ወጥ አለ፤ ሲያዩት ጾም ይመስላል። አስተናጋጁን «ሥጋ አለው?» ስትዪው «የለውም» ይልሻል፣ መዋሸቱም አይደለም፤ ቋሊማ አልተጨመረም ማለቱ ነው። ቦሎቄው ግን ብዙ ጊዜ የሚቀቀለው ከተጨሰ የአሳማ አጥንት ጋር ነው፤ አጥንቱ ከሳህንሽ ስለወጣ ብቻ አስተናጋጁ ሥጋ ብሎ አይቆጥረውም። ስለዚህ «ኢማ ሊ ስቪኜቲኔ?» (አሳማ አለበት?) ብለሽ አትቁሚ፤ «ስላኒና» (የተጨሰ የአሳማ ጮማ) እና «ማስት» (ሞራ) የሚሉትንም ለየብቻ ጥሪያቸው።

«ፖስኖ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ጾም ማለት ነው፣ እውነት ነው፤ ግን አገሩ በአብዛኛው ካቶሊክ ስለሆነ ጾሙ ከሥጋ ብቻ ነው። ፖስኖ ብለሽ ስታዝዢ አይብ በክሬም ቢመጣልሽ ማንም አልበደለሽም። ለእኛ ጾም የሚሆነው ቃል «ቬጋንስኪ» ነው። ባህላዊ ካልሆነ ይቅርብኝ ካልሽ የዳልማሺያን (የአገሩን የባሕር ዳርቻ) ምግብ ፈልጊ፤ በወይራ ዘይት ነው የሚሠሩት። ብሊትቫ ቆስጣና ድንች በነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሶፓርኒክ ደግሞ ቆስጣ በሁለት ስስ ቂጣ መሃል ተጋግሮ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት የተቀባ ነው። ዓሣ ከበላሽ ክርኒ ሪዦት የሚባለው በኩትልፊሽ (ስኩዊድ መሰል የባሕር እንስሳ) ቀለም የጠቆረ ሩዝ አለ፤ ማብቂያው ላይ ቅቤና አይብ የሚያማስሉበት ስላሉ አስቀድመሽ ተናገሪ።

ሁለት ወጥመድ ልጨምር። «ዛግሬባችኪ ኦድሬዛክ» የጥጃ ሥጋ ተብሎ ይጻፋል፤ ሆዱ ውስጥ ግን የአሳማ ካም ከአይብ ጋር ተጠቅልሏል። ፓሽቲትሳዳ የሚባለው የሥጋ ወጥም የበሬ ነው፣ ከመዘፍዘፉ በፊት ግን በቢላ እየተወጋ ጮማ ይሰካበታል። እሱን ማንም ለቅሞ አያወጣልሽም።

4. ዶላትስ ገበያ። ከባን ዬላቺች አደባባይ በላይ ደረጃውን መውጣት ነው፣ ቀይ ጃንጥላዎቹ ይታያሉ። በጠዋት ሂጂ፣ ከሰዓት ይበተናል። የወተት ነገር ያለው ከታች አዳራሹ ውስጥ ነው። «ሲር ኢ ቭርህኜ» በዪ፦ ወተቱ ሲረጋ ክሬሙ ከላይ ተገፎ ለብቻው ይሸጣል፣ የቀረው ለብ ተደርጎ አይብ ይሆናል፤ አንቺ መልሰሽ ትቀላቅያቸዋለሽ። ሩብ ኪሎ አይብ፣ ትንሽ ክሬምና የበቆሎ ዳቦ ለአንድ ሰው ቁርስ ይበቃል። ዝርዝር ዩሮ ያዢ፤ አይብ ለሚሸጡት ሴቶች ሃምሳ ዩሮ ዘርግተሽ መልስ ስትጠብቂ ሰልፉ ያጉረመርምብሻል።