እርሾው፣ ግንቡና ገብረ ጉንዳኑ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ነገር ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው፤ በየዕለቱ ከሚገጥመን ነገር እግዚአብሔር ምን እያስተማረን እንደሆነ እንዴት እንወቅ የሚል። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያሳውቀውንም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስን በስልክ ማንበብ የቃሉን ክብር ይቀንሳል ወይ?

መልስ፦ አይቀንስም። ስታነቡ ግን ኢንተርኔቱን ዝጉት።

ጥያቄ፦ አንዲት እህት በየጠዋቱ ጸሎቷን አድርሳ፣ ዐይኗን ጨፍና መጽሐፍ ቅዱሱን ትገልጣለች። ጣቷ ያረፈበትን ጥቅስ የዕለቱ መልእክት አድርጋ ትይዘዋለች። ሰሞኑን የወጣላት ቃል የሚያስፈራ ስለሆነባት ገና የጀመረችውን ሥራ ልትለቅ አስባለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራሽን አትልቀቂ። መጽሐፍ ቅዱስ ዕጣ ማውጫ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘውን የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬን ጃንደረባ አስቢው። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው፣ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ያን ያህል ባለሥልጣን ሆኖ ቃሉን ለሹመቱ ወይም ለመንገዱ ምልክት አላደረገውም። የጠየቀው ነቢዩ ይህን ስለ ማን እንደተናገረ ነው። አንቺም ከዚያ ጀምሪ። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ አንብቢው። ያልገባሽን ጽፈሽ ያዢና ለንስሐ አባትሽ ወይም ለምታምኚው መምህር አቅርቢ።

ጥያቄ፦ የታክሲ ረዳት የሆነ ወጣት፣ አንዲት ተሳፋሪ መልሷን ሳትቀበል ወርዳ ብሩ እጁ ላይ እንደቀረ ጽፏል። «እግዚአብሔር የሰጠኝ ሲሳይ ነው ወይስ ፈተና?» ይላል።

መልስ፦ የእርሷ ገንዘብ ነው። በዚያ መስመር የምትመላለስ ከሆነ ስታገኛት ስጣት፤ ካጣሃት ለተቸገረ ሰው ስጠው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን የተናገረው በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ስለ መመለስ ነው። አንተ አራት እጥፍ አልተጠየቅህም።

ጥያቄ፦ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን የሚያስተምር ወንድም፣ ከዕለት ተዕለት ኑሮ የተወሰዱ 20 ያህል ምሳሌዎች ከነትርጓሜያቸው እንድልክለት ጠይቋል።

መልስ፦ አልልክልህም፤ ብልክልህ እጎዳሃለሁና። ጌታ ስለ ዘር፣ ስለ መረብ፣ ስለጠፋው ድሪም ሲናገር የሚሰሙት ሰዎች ነገሩን በእጃቸው የሚያውቁት ነበሩ። አንተም ልጆቹን ከማስተማርህ በፊት ነገሩን በደንብ ማየት አለብህ።

በማቴዎስ 13፥33 መንግሥተ ሰማያት ሴት ወስዳ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት የሸሸገችውን እርሾ ትመስላለች ተብሏል። ይህን ልታስተምር ስትነሣ እንጀራ ከምትጋግር እናት አጠገብ ተቀመጥ። ካለፈው ያስቀረችውን እርሾ ጨምራ ዱቄቱን ታቦካለች፣ ትከድናለች፣ ከዚያም ሁለት ሦስት ቀን ትተወዋለች። በቆላ ቶሎ ይደርሳል፣ በደጋ ይዘገያል፤ ብትቸኩል ምንም አትጠቀምም። ከላይ ያቀረረውን ውሃ ታፈሳለች፣ አብሲት ትጥላለች፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል ትጠብቃለች። በዚህ ሁሉ መካከል እርሾው ለብቻው የሚታይበት ጊዜ የለም። ልጆቹን «እርሾው አሁን የት አለ?» ብለህ ጠይቃቸውና ዝም በል፤ የሚመልሱልህ መልስ ከእኔ ዝርዝር ይሻላል። ሦስቱ መስፈሪያ ወደ 40 ሊትር የሚጠጋ ዱቄት መሆኑንም ንገራቸው። ያ የአንድ ቤት ምሳ አይደለም፣ ሰፈር የሚያጠግብ ነው። አብርሃም ሦስቱ እንግዶች በመጡበት ቀን ሣራን እንድትለውስ የጠየቃትም ያንኑ ሦስት መስፈሪያ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 16 ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ከፈሪሳውያንና ከሰዱቃውያን እርሾ እንዲጠበቁ አዟቸዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ጥቂት እርሾ ሊጡን ሁሉ እንደሚያቦካ የጻፈው በቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን መካከል ስለተገኘ ኃጢአት ነው። አንዱ እርሾ አንድ ቦታ መንግሥተ ሰማያትን፣ ሌላ ቦታ ክፋትን ያሳያል። ስለዚህ «እርሾ ማለት ይህ ነው» ብለህ ሰሌዳ ላይ አትጻፍ። ለምን፣ ለማን እንደተነገረ ሳይታወቅ ምሳሌ አይፈታም። ዝርዝር ያልላክሁልህም ለዚህ ነው። ልጆቹ እንጀራ ከሱቅ የሚገዛበት ቤት ያደጉ ከሆኑ ደግሞ አንዲት እናት ጋብዝና ሊጡን እዚያው በክፍሉ ታቡካላቸው።

ጥያቄ፦ አንድ አባት እባብ በሕልማቸው ደጋግመው እያዩ ትርጉሙን ጠይቀዋል።

መልስ፦ አባቴ፣ እኔ ሕልም አልፈታም። ዮሴፍ እንኳ በግዞት ቤት «ትርጓሜ ከእግዚአብሔር አይደለምን?» ነው ያለው። ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ እንቅልፍ የሚነሣዎ ከሆነም ሐኪም ይዩ።

ጥያቄ፦ ይህኛው ደብዳቤ ከአንዲት እናት የመጣ ነው። የ14 ዓመት ልጇ የሚጥል በሽታ አለባት። ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት እየወሰደች ተሽሏት ነበር። አንዲት ጎረቤት ግን «ይህ በአንቺ ኃጢአት የመጣ ነው፤ ክኒኑን አስጥለሽ ጠበል ውሰጃት» ስላለቻት መድኃኒቱን አቁማለች። ልጅቷን እንደገና ይጥላት ጀምሯል። «እግዚአብሔር በልጄ ሕመም ምን እያስተማረኝ ነው?» ትላለች።

መልስ፦ እህቴ፣ የቀረውን ከማንበብሽ በፊት ልጅሽን ዛሬውኑ ወደምትታከምበት ሐኪም ውሰጃት። መድኃኒቱ መቋረጡን ሳትደብቂ ንገሪው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ሊነሣና ሳያባራ ሊጥላት ይችላል፤ ይህም ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል። እንዴት እንደሚጀመር የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እስከዚያው ከጣላት በጎኗ አስተኚያት፣ ከእሳትና ከስለት አርቂያት። አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቺ፣ በኃይል ጨብጠሽ አትያዣት፣ ክብሪት ጭረሽ አታሽትቻት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት ቀጥታ ወደ ሆስፒታል። በሽታው በንክኪ አይተላለፍም፤ ልጅሽን እቀፊያት፣ ሌሎችም ይቀፏት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጎረቤትሽ ያለችውን ደቀ መዛሙርቱም ብለውታል። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው፤ ቀጥሎም በምራቁ ጭቃ አድርጎ የሰውየውን ዐይን ቀባ። እነርሱ በሰውየው ላይ ሊነጋገሩበት ፈልገው ነበር፤ እርሱ ግን ሠራለት። በሉቃስ 13 ደግሞ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱ 18 ሰዎች ራሱ ጠየቃቸው፦ በኢየሩሳሌም ካሉት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን? «አይደለም» ብሎ ራሱ መለሰ፤ ንስሐ ባትገቡ እናንተም ትጠፋላችሁ አላቸው። ግንቡ የወደቀው በሰዎቹ ላይ ነው፣ ወደ ንስሐ የተጠሩት ግን ቆመው የሚሰሙት ናቸው። በሌላ ሰው መከራ ውስጥ ትምህርት ካለ ለተመልካቹ ነው እንጂ የታመመውን ለመክሰሻ አልተሰጠም። ይህ ሲገለበጥ ማየት እጅግ ያሳዝነኛል፤ በየሰፈሩም፣ በየለቅሶ ቤቱም እሰማዋለሁ።

መጽሐፍ የሚያውቁ ሁለት ነገር ያነሡብኛል። አንደኛው መጻጉዕ ነው። ለ38 ዓመት የታመመውን ሰው ጌታ ካዳነው በኋላ ከዚህ የባሰ እንዳይደርስብህ ደግመህ ኃጢአት አትሥራ ብሎታል። እውነት ነው፤ ግን ይህን ያለው ልብን የሚያውቅ ጌታ ነው፣ ያለውም ካዳነው በኋላ በቤተ መቅደስ አግኝቶ ለራሱ ለሰውየው ነው። ጎረቤትሽ ልብ አታይም፤ ያዳነችውም ሰው የለም። ሁለተኛው በማቴዎስ 17 በእሳትና በውሃ ላይ የሚወድቀው ልጅ ነው፤ ጌታ ጋኔኑን ገሥጾ አውጥቶለታል። ያንን አልክድም። ነገር ግን ያው ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ወደ ጌታ የመጡትን ሕሙማን ሲቆጥር አጋንንት ያደረባቸውን፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን (የሚጥል በሽታ ያለባቸውን) እና ሽባዎችን ለየብቻ ነው የጠራቸው። የሚወድቅ ሁሉ ጋኔን አለበት አላለም።

ስለ ጠበሉ፦ ጠበል አትውሰጃት አልልሽም። እምነትሽ ነው፣ እምነቴም ነው። መድኃኒቷን እየወሰደች ትጠመቅ፤ ውሃው ውስጥ እያለች ሊጥላት ስለሚችል ግን ለአፍታም ብቻዋን አትሁን። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር አወጣ ይላል። ወንጌል የጻፈልን ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር። ሰዎች የኤችአይቪ መድኃኒት እየጣሉ ጠበል ይገቡ በነበረበት ዘመንም ነፍስ ኄር ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። መድኃኒት ጣይ የሚልሽ ሰው ካህንም ቢሆን የደብሩን አስተዳዳሪ ጠይቂ፤ እስክትጠይቂም አታቋርጪ።

«ምን እያስተማረኝ ነው?» ላልሽው፣ እኔ ሆኜ ከልጅሽ ሕመም ትምህርት አላወጣልሽም። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀን ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት መተንተን ሲጀምሩ ግን በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቍጣ በእነርሱ ላይ ነደደ። አንቺ ንስሐ የምትገቢበት ነገር ካለ እንደማንኛችንም ግቢ፤ የልጅሽን በሽታ ግን በራስሽ ላይ እንደ ፍርድ ወረቀት አትለጥፊው።

ጎረቤቷም ይህን ታነብ ይሆናል። እህቴ፣ ክፉ አስበሽ እንዳልተናገርሽ አምናለሁ። እናቲቱ ሐኪም ቤት ስትውል የቀሩትን ልጆች ምሳ አብዪላት፤ ክኒኑ የሚዋጥበት ሰዓት ሲደርስ በሯን አንኳኩተሽ አስታውሻት።

ጥያቄ፦ ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ እሑድም ሥራ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ከሄደች ብዙ ጊዜ እንደሆናት ጽፋለች። የ4 ወር ደመወዝ አልተከፈላትም፤ ፓስፖርቷም በአሠሪዋ እጅ ነው። «ይህን በትዕግሥት መሸከም መስቀሌ ነው?»

መልስ፦ ጸሎቱን በሚመለከት፣ ከቤተ ክርስቲያን የራቅሽው ወደሽ አይደለም። መዝሙረኛው በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ያለውን ይዘን የጸሎት ጊዜያትን ሰባት አድርገናል፤ ልብስ እየተኮሱም አባታችን ሆይ ይባላል። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 5 ተማርካ በንዕማን ቤት የምታገለግል አንዲት ትንሽ ብላቴና አለች። ስሟ አልተጻፈም። ጌታዋ ከለምጹ እንዲነጻ መንገዱን ያመለከተችው ግን እርሷ ናት። እግዚአብሔር በሰው ቤት የምታገለግልን ሴት ያያል።

ደመወዙ ግን መስቀልሽ አይደለም፤ ግፍ ነው። ዘዳግም 24 የድሀውን ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው ይላል፤ ያዕቆብም የተቀማው የሠራተኞች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል። አንቺም መጮኽ ይገባሻል። የሠራሽባቸውን ወራትና የቀረብሽን ገንዘብ ጽፈሽ ያዢ፣ ውልሽን በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ በቤይሩት ለሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላና ስደተኛ ሠራተኞችን ለሚረዳው ለካሪታስ ሊባኖስ አሳውቂ። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ስለሆነ ሳትማከሪ ከቤቱ አትውጪ። እጃቸውን ካነሡብሽ ግን መጀመሪያ ነፍስሽን አድኚ።

ጥያቄ፦ ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት፣ አባቱ በየማዕዱ «አንተ ታካች፥ ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ» የሚለውን እየጠቀሱበት መግባት መውጣት እንዳስጠላው ጽፏል።

መልስ፦ ያ ቃል ለታካች የተነገረ ነው። ዝቅ ሲል ራሱ ያስረዳል፤ እስከ መቼ ትተኛለህ ይላል። ማስታወቂያ ሲያነብና ማመልከቻ ሲያስገባ የሚውል ሰው በዚያ ውስጥ የለበትም። የአንተ ቦታ ማቴዎስ 20 ላይ ነው። የወይኑ ባለቤት በአሥራ አንደኛው ሰዓት ሲወጣ የቆሙ ሰዎች አገኘ። ያ በእኛም አቆጣጠር 11 ሰዓት ነው፤ ቀኑ አልቋል። ቀኑን ሁሉ ለምን ሥራ ፈትታችሁ ቆማችሁ ሲላቸው «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው» አሉት። ሰነፎች ብሎ አልሰደባቸውም። ወደ ወይኑ ሰደዳቸው፤ ሲመሽም እንደሌሎቹ አንድ አንድ ዲናር ከፈላቸው።

ዛሬ ማታ ይህን ምዕራፍ ከአባትህ ጋር አብራችሁ አንብቡት። የት የት እንዳመለከትህ፣ ምን እንደተመለሰልህም አንድ በአንድ ንገራቸው፤ ምናልባት አያውቁ ይሆናል። ከዚያ የሚያውቁትን ሰው እንዲጠይቁልህ ለምናቸው።