«ስሙን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ስኪዞፍሬንያ፣ የሌለ ድምጽ ስለሚያሰማውና መሠረት የሌለው ጥርጣሬ ስለሚያመጣው የአእምሮ ሕመም፣ ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ደብዳቤ መጥቷል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ላኪውን የሚያሳውቀውን ነገር አውጥቼ እመልሳለሁ።

ስኪዞፍሬንያ ማለት አንዱ ሰው ሁለት ሰው ሲሆን ነው?

አይደለም። ፊልም ላይ ያያችሁትን እርሱት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ጫት ብቅም ምን ይለኛል?

ሊያገረሽብህ ይችላል። ተው።

አበቃልኝ ማለት ነው?

የ3ኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነው። ባለፈው ሴሚስተር እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ከዶርሙ ኮሪደር ስሙን እየጠሩ የሚሰድቡት ሰዎች ይሰሙት ጀመር። ወጥቶ ሲያይ ማንም የለም። አባቱ መጥቶ ወሰደው፣ ሆስፒታል ተኝቶ ታከመ፣ ድምጾቹ ጠፉ። አሁን እንቅልፍ የሚነሳው የበሽታው ስም ነው። ክኒኑን ጓደኞቹ እንዳያዩበት የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ገልብጦ ነው የሚወስደው። «ሲስተር፣ ሐኪሙ ተሳስቶስ ቢሆን?» ይላል።

ወንድሜ፣ ይህን መጠየቅ መብትህ ነው። ስኪዞፍሬንያ በደም ምርመራ ወይም በራጅ አይታይም። ሐኪሙ ያንተንና የቤተሰብህን ቃል ይሰማል፣ ምልክቱ ምን ያህል እንደቆየ ያያል፣ ጫት ወይም ሐሺሽ ወይም ሌላ ሕመም ያመጣው እንዳይሆን ያጣራል። አንዳንዴ ጊዜ ሲያልፍ ስሙ ይቀየራል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ይህን ያሉኝ በምን ምክንያት ነው?» ብለህ ጠይቀው። ሌላ ሐኪም ማየትም ነውር አይደለም። እስከዚያው ግን መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ።

በነርስነት ሥራዬ ያየሁትን ልንገርህ። ማንም ይህን ስም በአንድ ቀን አይቀበልም። አንድ ሰሞን ያምናል፣ ሌላ ሰሞን «እኔ ደህና ነኝ» ይላል። ደህና ሲሆን ክኒኑን ይተዋል። ለጥቂት ሳምንታት ምንም አይሆንም፣ ብዙዎችን የሚያታልላቸውም ይህ ነው። ከዚያ ያገረሻል። በአሜሪካ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህርት የሆኑት ፕሮፌሰር ኤሊን ሳክስ ስኪዞፍሬንያ እንዳለባቸው በይፋ ተናግረዋል። እሳቸውም ለዓመታት መድኃኒቱን ለመተው ደጋግመው ሞክረዋል፣ ደጋግመውም ታመዋል። ዛሬ እየታከሙ ያስተምራሉ፣ ይጽፋሉ።

እኔ ስሙን ዛሬውኑ እመን አልልህም። ያየኸውን ብቻ ያዝ፦ እንቅልፍ አጥተህ ነበር፣ ድምጽ ይሰማህ ነበር፣ በዚህ መድኃኒት ተሻለህ። ይህን ራስህ ጽፈኸዋል። ለመታከም ይህ ይበቃል። ከስሙ ጋር የምትስማማው ቀስ በቀስ፣ እየኖርክ ነው። ቤተሰቦችም ይህን ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል። «ታመሃል፣ እመን!» እያሉ መጨቃጨቅ ያደከማቸው ብዙ ቤቶች አውቃለሁ። መታመምን አለማወቅ ራሱ ብዙ ጊዜ የበሽታው አካል ነው፣ በክርክር አይሸነፍም። «እንቅልፍህ እንዴት ነው? ምን ልርዳህ?» የሚለው ጥያቄ ይሻላል።

ማዘንህም ተገቢ ነው። «ተመስገን በል፣ ድነሃል» የሚሉህ ወደውህ ነው፣ ግን ያሰብከው ዓመት ተበላሽቶብሃል። እዘን።

አበቃልኝ ወይ ላልከው፣ አላበቃም። እውነቱን ልንገርህ፦ አንዳንዱ አንዴ ታሞ አይደግመውም። ብዙው እየተሻለውና እያገረሸበት ይኖራል። ከብዶ የሚቆይባቸውም አሉ። አንተ ከየትኛው እንደሆንክ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ይህ ሕመም አለበት፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚጀምረው በአንተ ዕድሜ አካባቢ ነው። በግቢህ ውስጥ ብልቃጥ የሚቀይረው አንተ ብቻ አትመስለኝም።

አሁን የምታደርገው ይህ ነው። ሕመሙ ሲጀምርህ ምን እንደቀደመ ከአባትህ ጋር ጻፉት። እንቅልፍ ማጣት? ምግብ መተው? ታክሲ ውስጥ የሚስቁት በእኔ ነው ማለት? ያ ምልክት ሲመለስ ማን ለሐኪም እንደሚደውል ተስማሙ። ለዶርሙ ሁሉ መናገር የለብህም፣ ለአንድ የምታምነው ጓደኛ ንገር። ትምህርቱ ከከበደህ የሕክምና ማስረጃህን ይዘህ ዊዝድሮው ሙላና በሚቀጥለው ዓመት ተመለስ፣ ዝም ብለህ ጠፍተህ አትባረር። አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ። የመሞት ሐሳብ ከመጣብህ ቀጠሮህን አትጠብቅ። በዚያው ቀን ለአባትህ ንገረው፣ አብራችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ልጄ ክኒኑን አልውጥም ስላለ ደቁሼ ሻይ ውስጥ እጨምርለታለሁ። ኃጢአት አለው?

እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን እባክዎ ያቁሙ። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ «ሊመርዙኝ ነው» የሚል ጥርጣሬ ያመጣል። አንድ ቀን የብርጭቆው ሥር ነጭ ዱቄት ካየ ጥርጣሬው እውነት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እጅዎ የነካውን አይበላም። ለምን እንደጠላው ይጠይቁት። ሰውነቱን ያደርቀዋል? እግሩ አላስቀምጥ ብሎት ቤቱን ሲዞር ያድራል? ይህ ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ ነው፣ መጠኑን በመቀነስ ወይም መድኃኒቱን በመቀየር ይስተካከላል። በየወሩ ገደማ የሚወጋ መርፌም አለ፣ እሱ ከተስማማ የየቀኑን ጭቅጭቅ ያስቀራል። ሐኪሙን ያማክሩ። እስካሁን ሻይ ውስጥ ይጨምሩ እንደነበርም አይደብቁት።

ጠበል ስገባ መድኃኒቱን ተይ አሉኝ

ማን እንዳለሽ አልጻፍሽም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ክኒንሽንም በጠበሉ መዋጥ ትችያለሽ። ንስሐ አባትሽን አነጋግሪ፣ እምነትሽንም መድኃኒትሽንም የሚያከብር ካህን አለ። ታማሚን በሰንሰለት ማሰርና ማስራብ ግን በማንም ስም አይፈቀድም። እንዲህ ካለ ቦታ ሰው ያላችሁ ዛሬውኑ አውጡ።

አፌ ይደርቃል፣ ምን ላድርግ?

ውሃ ቶሎ ቶሎ ተጎንጭ። ካልተሻለህ ለሐኪም ንገር።

ማግባትና መውለድ እችላለሁ?

ከሐዋሳ ነው የጻፈችው። እጮኛ አላት፣ አልነገረችውም። የወር አበባዋ ከቆመ ወራት አልፈዋል፣ «መካን ሆንኩ» ብላ ታለቅሳለች።

እህቴ፣ አንዳንድ የዚህ ሕመም መድኃኒቶች የወር አበባ ያስቆማሉ። መካን ሆነሻል ማለት አይደለም። እርግዝናም ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ተመርመሪ። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ስኪዞፍሬንያ ካለበት፣ ከ10 ልጆች 9ኙ ገደማ አይታመሙም። ለእጮኛሽ ከሠርጉ በፊት ንገሪው፣ ቢቻል ወደ ቀጠሮሽ ይዘሽው ሂጂ። መልሱን ከሐኪሙ አፍ ይስማ። ለመውለድ ስታስቡ መድኃኒቱን በራስሽ አታቁሚ። በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ የሚያገረሽ ሕመም ለአንቺም ለሕፃኑም አደገኛ ነው። ቀድመሽ የአእምሮ ሐኪምሽንም የማህፀን ሐኪምሽንም አማክሪ። የእኔ መልስ ብቻ አይበቃሽም፣ በዚህ ሳምንት ሂጂ።