የአያትን ጉልበት መሳም ስግደት ነውን?

ጥያቄ፦ አያቴ ዘንድ ስሄድ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን እስማለሁ፤ ካህን ሳገኝም እጅ ነሥቼ መስቀል እሳለማለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን «ስግደት ለአምላክ ብቻ ነው፤ ይህ ባዕድ አምልኮ ነው» አለኝ። በእርግጥ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ባልደረባሽ የተመረኮዘበት ቃል በማቴዎስ ወንጌል 4፥10 «ለጌታ ለአምላክህ ስገድ እርሱንም ብቻ አምልክ» ተብሎ የተጻፈው ነው። «ብቻ» የሚለው የተነገረው በአምልኮቱ ላይ መሆኑን ልብ በዪ። አብርሃም ሣራን የሚቀብርበትን ስፍራ ሊገዛ በቆመ ጊዜ ለኬጢ ልጆች ሰግዷል (ዘፍ. 23፥7)፤ ንጉሥ ሰሎሞንም እናቱ ቤርሳቤህ ስትገባ ከዙፋኑ ተነሥቶ ሰግዶላታል (1ኛ ነገ. 2፥19)። ሁለቱም አክብሮታቸውን ገለጡ እንጂ በፊታቸው የነበረውን ሰው አላመለኩም። ቆርኔሌዎስ በእግሩ ሥር ሲወድቅ ቅዱስ ጴጥሮስ «ተነሣ፤ እኔ ራሴ ደግሞ ሰው ነኝ» ያለውም አክብሮትን ነቅፎ ሳይሆን፣ ከአሕዛብ ወገን የሆነው ይህ ሰው ለአምላክ የሚገባውን ለሐዋርያው እንዳይሰጥ ጠብቆት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ራስን ዘንበል ማድረግን አድንኖ፣ መንበርከክን አስተብርኮ፣ ግንባርን ምድር አስነክቶ መስገድን ሰጊድ ብላ በየስማቸው ትጠራቸዋለች። በሐሳብ ደግሞ ለፈጣሪ የሚቀርበውን የአምልኮ፣ ለቅዱሳን የሚቀርበውን የጸጋ ስግደት ብላ ትለያለች። ለታላላቆቻችን የምናደርገውን እጅ መንሣት ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰላምታና አክብሮት መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» (በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል ምእመናን እርስ በርሳቸው እጅ የሚነሣሡት በዚሁ ቃል ታዝዘው ነው።

መስቀል ስትሳለሚም ክብሩ የሚደርሰው በመስቀሉ ላይ ለተሰቀለው ጌታ ነው። «አባቴ ይፍቱኝ» ስትዪ ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ማለታቸው ፈቺው ማን እንደሆነ በግልጥ ያሳያል።

የአምልኮና የአክብሮት ልዩነት በቀኑም ይታወቃል። የንስሐ ስግደት በዕለተ እሑድና በበዓለ ሃምሳ (ከትንሣኤ ጀምሮ ባሉት ሃምሳ ቀናት) አይሰገድም፤ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ የአያትሽን ጉልበት ብትስሚ ግን ከልካይ የለሽም።