የቤቱና የሥራው ገንዘብ ሲቀላቀል

ጥያቄ፦ በቤቴ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ገበያ ባይጠፋም የቤቱና የሥራው ገንዘብ እየተቀላቀለብኝ፣ ማትረፌን እንኳ ማወቅ ተሳነኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከዕቃው በፊት ገንዘቡን ይለዩ። ለሥራው ብቻ የሚያገለግል የባንክ ሒሳብ ይክፈቱና ለቤትዎ የሚያስፈልገውን በየወሩ እንደ ደመወዝ ቆርጠው ይውሰዱ፤ ለጓዳዎ የሚዘገን ሽሮም ቢሆን በመዝገብ ይስፈር። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ዱቤው ነው፤ በቃል የተያዘ ዱቤ ጉርብትናንም ጭምር ስለሚያሻክር፣ ስሙን፣ ቀኑንና መጠኑን ደንበኛዎ እያየ ይጻፉ። የበርበሬውን ዋጋ ሲተምኑ ከዛላው በተጨማሪ የቅመሙን፣ የወፍጮውንና የራስዎን ድካም ያስቡ፤ አንድ ኪሎ ዛላ ተቀንጥሶና ደርቆ አንድ ኪሎ ዱቄት እንደማይሆን እርስዎም ያውቁታል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ደረሰኞችን በየወሩ ለይተው ያስቀምጡ። መደርደሪያው ላይ ቀን እየጻፉ፣ ቀድሞ የተፈጨው ቀድሞ እንዲሸጥ ቢያደርጉ ይበቃል።