ሰኞ ጠዋት የመጣው ኪሎ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ኪሎ ሆኑብኝ። ደሴ ምን ነካት?

የቧንቧ ውሃ ሠፈር አንባቢያችን ክብደት ለመቀነስ ሁለት ወር ታግላለች። በየጠዋቱ ትመዘናለች። ቅዳሜ 74.2 ነበረች። እሁድ ሠርግ ሄደች፣ በላች። ሰኞ 76! «የሁለት ወር ድካሜ በአንድ ምሳ ሄደ» ብላ ቁርስም ምሳም ሳትበላ ዋለች።

አብሽሪ እህቴ፣ አልሄደም። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በአንድ ቀን 1.8 ኪሎ ስብ ለመጨመር፣ ሰውነትሽ ከሚፈልገው በላይ ወደ 14 ሺህ ካሎሪ መብላት ነበረብሽ። የወሎ ሰው እንግዳ ሲያጎርስ አውቃለሁ። ይህን ያህል ግን አያጎርስም።

ታዲያ ከየት መጣ? አብዛኛው ውሃ ነው። የሠርግ ወጥ ጨው ይበዛዋል፤ ጨው ደግሞ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ከእንጀራና ከዳቦ የሚገኘው ስኳር ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ሲጠራቀም፣ በእያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ አብሮ ይገባል። የበላሽውም ገና አንጀትሽ ውስጥ ነው። የወር አበባሽ ከቀረበ እሱም የራሱን ይጨምራል። አንድ ሊትር ውሃ ጠጥተሽ ወዲያው ብትመዘኚ እኮ አንድ ኪሎ ጨምረሻል። በዚህ ማንም «ወፈርኩ» አይልም። በጀመርሽበት ሳምንት ፈጥኖ የወረደውም አብዛኛው ውሃ ነበር፤ ያኔ ግን ደብዳቤ አልጻፍሽልኝም።

አልፈርድብሽም። እኔም አንድ ሰሞን ቁርሴን የሚወስንልኝ ሚዛኑ ነበር። ከወረደ ለሽልማት ፓስቲ፣ ከወጣ ለቅጣት ባዶ ሻይ። ምሽት ላይ ቅጣቱን በእጥፍ አካክሰዋለሁ።

ደብተር ያዢ። በየቀኑ መመዘን ካልከበደሽ ቀጥይ፤ ግን የሰባቱን ቀን ደምረሽ ለሰባት አካፍይ። የዚህን ሳምንት አማካይ ካለፈው ሳምንት ጋር አስተያዪ። ሦስት አራት ሳምንት አማካዩ ንቅንቅ ካላለ፣ ያኔ ስለ ምግብሽ እናወራለን። ቁጥሩ ቀንሽን የሚያበላሸው ከሆነ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ምግብ መዝለሉ ግን ይቅር። ፈርተሽ መብላት እያቃተሽ ከሆነ፣ ወይም የበላሽውን ሆን ብለሽ ማስመለስ ከጀመርሽ፣ ሐኪም አማክሪ።

ጠዋት ይሻላል ማታ? ጠዋት። ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ።

ቤቱ ደሴ፣ ሥራው ኮምቦልቻ የሆነ ወጣት ኮምቦልቻ ሲመዘን 2 ኪሎ ይጨምራል። «ከፍታው ይሆን?» ይላል።

የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ የመሬት ስበት ትንሽ መጨመሩ እውነት ነው፣ ወንድሜ። ለ70 ኪሎ ሰው ግን ልዩነቱ 20 ግራም አይሞላም፤ አንድ ጉርሻ ይበልጠዋል። ጥፋቱ የሚዛኖቹ ነው። አንዱን ምረጥና ጠንካራ ወለል ላይ አስቀምጠው። ምንጣፍ ላይ አይሆንም።

«ሁዳዴን ጾሜ ጭራሽ ጨመርኩ» ይላሉ አንድ እናት። እማማ፣ ጾሙ ሥጋና ወተት ከለከለ እንጂ ዘይት አልከለከለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው። ሽሮው ላይ ስንት ማንኪያ እንደሚያፈሱ ቆጥረው ይጻፉልኝ።

ከሆጤ የጻፈች ልጅ አባቷ በአምስት ቀን 3 ኪሎ ጨመሩ። እግራቸው አብጧል፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ማታ ትራስ ደራርበው ነው የሚተኙት። «ምን ምግብ ልቀንስላቸው?»

ምግቡን ተዪውና ሆስፒታል ውሰጃቸው። ይህም ውሃ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን የሠርግ ወጥ ያመጣው ዓይነት አይመስልም። ልብ ሲደክም፣ ኩላሊት ወይም ጉበት ሲታመም ሰውነት እንዲህ ውሃ ይቋጥራል። የትኛው እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም፤ መርምሮ የሚለየው ሐኪም ነው። ዛሬውኑ ሂዱ። «የገበያው ቀን ይለፍ» አይባልም። ከመድኃኒት ቤት የሽንት ኪኒን ገዝቶ መሞከርም አይባልም። ትንፋሻቸው ተቀምጠውም ካጠረ፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጥሪ።

መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ መመዘን ይታመናል? አስፋልቱ ያጋድላል፤ አንተም ከነጫማህ፣ ከነጃኬትህና ከነስልክህ ነው የምትወጣው። ለክትትል አይሆንም። ሒሳቡን ክፈል እንጂ በቁጥሩ ልጁን አትከራከረው።