በሽያጭ ታክስ ላይ የሚጨመረውን አንድ በመቶ ማን ይወስናል? ማንስ ይከፍላል?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሚዙሪ ስቴት፣ በካንሳስ ሲቲ ከተማ ሱቅ ተከራይቼ የምሠራ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ የሚገኝበት የገበያ ማዕከል ባለቤት «የማኅበረሰብ ማሻሻያ ዲስትሪክት» (በአንድ በተከለለ አካባቢ ታክስ እየጣለ ገንዘቡን ለዚያው አካባቢ ሥራ የሚያውል አካል) ለማቋቋም ለከተማው ምክር ቤት ማመልከቻ እያዘጋጀ መሆኑን፣ ዲስትሪክቱ ሲቋቋምም በምንሸጠው ዕቃ ላይ አንድ በመቶ ተጨማሪ የሽያጭ ታክስ እንደሚጣል የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶኛል። ገንዘቡ ለመኪና ማቆሚያው እድሳት፣ ለመብራትና ለጥበቃ ይውላል ተብሏል። ታክሱን የምከፍለው እኔ ነኝ? የሕንፃው ባለቤት ባልሆንም ድምፅ የመስጠት መብት ይኖረኛል?

መልስ፦ ታክሱ የሚወጣው ከደንበኛዎ ኪስ ነው፤ እርስዎ ከሌላው የሽያጭ ታክስ ጋር ሰብስበው ለስቴቱ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ያስገባሉ። ይሁን እንጂ ታክሱ ከጸናበት ቀን ጀምሮ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽንዎ በአዲሱ ምጣኔ ካልተስተካከለ፣ ያልሰበሰቡትን ከራስዎ እንዲከፍሉ ሊጠየቁ ስለሚችሉ ቀኑን አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።

የሚዙሪ ስቴት የሽያጭ ታክስ 4.225 በመቶ ሲሆን፣ የካውንቲውና የከተማው ታክስ በዚያ ላይ ይደመራል። ዲስትሪክቱ የሚጥለው ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚታከል ነው፤ ሕጉ እስከ አንድ በመቶ ድረስ ይፈቅዳል። የመኪናና የጀልባ ሽያጭ እንዲሁም እንደ መብራትና ውኃ ያሉ አገልግሎቶች አይነኩም፤ አስቤዛ ግን ይነካል። ስቴቱ ለቤት ፍጆታ በሚገዛ ምግብ ላይ የራሱን ታክስ ወደ 1.225 በመቶ ዝቅ ቢያደርግም፣ ይህ ቅናሽ የዲስትሪክቱን ታክስ አይመለከትም። ስለዚህ የ80 ዶላር አስቤዛ የገዛች እናት ለመኪና ማቆሚያው እድሳት 80 ሳንቲም ታዋጣለች ማለት ነው፤ መኪና ባይኖራትና በአውቶቡስ ብትመጣም እንኳ። ደረሰኙ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ የታክስ ድምር ብቻ ስለሚታይ፣ ማዋጣቷንም ላታውቅ ትችላለች።

የድምፁ ጉዳይ የበለጠ ሊያሳስበን የሚገባ ነው። ዲስትሪክቱን ለማቋቋም በድንበሩ ውስጥ ካለው መሬትና ሕንፃ ለግብር በተገመተው ዋጋ ከግማሽ በላይ የሆነውን የያዙና በቁጥርም ከባለንብረቶቹ ከግማሽ በላይ የሆኑ ባለቤቶች ማመልከቻው ላይ መፈረም አለባቸው። የሽያጭ ታክሱን የሚያጸድቁት በዲስትሪክቱ ውስጥ የሚኖሩ የተመዘገቡ መራጮች ሲሆኑ፣ አንድም እንዲህ ያለ መራጭ ከሌለ ግን ድምፅ የሚሰጡት ባለንብረቶቹ ናቸው። የገበያ ማዕከሉ በሙሉ የአንድ ባለቤት ከሆነና በውስጡ የሚኖር ሰው ከሌለ፣ ያው አንድ ባለቤት አመልካችም መራጭም ይሆናል። ተከራይ ነጋዴ በተከራይነቱ ብቻ ድምፅ አይሰጥም፤ ገዢውም እንዲሁ።

የመራጩ ቁጥር ምን ያህል ሊያንስ እንደሚችል በዚሁ ስቴት በኮሎምቢያ ከተማ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቢዝነስ ሉፕ በተባለው ጎዳና ዙሪያ የተቋቋመው ዲስትሪክት በድንበሩ ውስጥ የተመዘገበ መራጭ የለም ተብሎ ታስቦ ነበር። ኋላ ግን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መራጭ ሆና ተገኘች፤ ቀጥሎም ጥቂት ሌሎች መኖራቸው ታወቀ። በመጨረሻ የግማሽ በመቶው ታክስ የጸደቀው በ4 ለ3 ድምፅ ነው። በዚያ ጎዳና የሚሸምተው ሕዝብ ሰባት መራጮች በወሰኑት መሠረት ይከፍላል።

እንዲህ ያለ ዲስትሪክት በራሱ መጥፎ ነው አልልም። የከተማው በጀት የማይደርስለትን የእግረኛ መንገድ የሚያሠራ፣ የጨለመ ጥግ የሚያበራ ዲስትሪክት ለነጋዴውም ለገዢውም ይጠቅማል። ሆኖም ሕጉ አካባቢው የተጎሳቆለ ነው ተብሎ ከተፈረጀ የተሰበሰበው ገንዘብ ለግል ሕንፃ እድሳትም እንዲውል ስለሚፈቅድ፣ የሕዝብ ታክስ የአከራይን ወጪ ወደ መሸፈን ሊያዘነብል ይችላል። የስቴቱ ዋና ኦዲተር የነበሩት ኒኮል ጋሎዌይ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሪፖርት በእነዚህ ዲስትሪክቶች ላይ ያለው ቁጥጥርና ተጠያቂነት ደካማ መሆኑን አመልክተዋል። እኔም ከፋዩ በማይመርጥበት ቦታ ቢያንስ የገንዘቡ መንገድ ለሁሉም ግልጽ ሊሆን ይገባል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

ድምፅ ባይኖርዎትም እጅዎ ባዶ አይደለም። ማመልከቻው ዲስትሪክቱ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚሠራቸውን ሥራዎችና የወጪያቸውን ግምት፣ የታክሱን ጣሪያና ዲስትሪክቱ የሚቆይበትን ዘመን መግለጽ ስላለበት፣ ቅጂውን ከከተማው ጸሐፊ ጠይቀው ያንብቡ። «መኪና ማቆሚያ» የሚለው ቃል የአስፋልት ጥገና ብቻ ነው ወይስ የሕንፃው ፊትም ተካትቷል? ምክር ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ሕዝባዊ ውይይት የመጥራት ግዴታ አለበት፤ እዚያ የሚነገረው በቃለ ጉባኤ ስለሚያዝ ተገኝተው ይናገሩ። ብዙ ተከራዮች የማያውቁት ሌላ ነገርም አለ፦ ዲስትሪክቱን የሚያስተዳድረው ቦርድ አባል ለመሆን የግድ ባለንብረት መሆን አያስፈልግም፤ በዲስትሪክቱ ውስጥ የሚሠራ ንግድ ባለቤትም ሊሾም ወይም ሊመረጥ ይችላል። ቦርዱ ከአምስት እስከ ሠላሳ አባላት ስለሚኖሩት፣ ለተከራዮች የተወሰነ ወንበር እንዲመደብ ከወዲሁ ይጠይቁ። ዲስትሪክቱ ከተቋቋመ በኋላም ስብሰባዎቹና ሰነዶቹ በስቴቱ የግልጽነት ሕግ መሠረት ለማንም ክፍት ናቸው፤ የበጀት ዓመቱ ባለቀ በ120 ቀናት ውስጥ ለከተማው የሚቀርበውንም ዓመታዊ ሪፖርት ማየት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የቤት ባለቤት ነኝ። ጎረቤቶቼ መንገዳችንን ለማሠራት «የሰፈር ማሻሻያ ዲስትሪክት» እናቋቁም ብለው ፊርማ ያሰባስባሉ። ይህም የሽያጭ ታክስ ያስከትላል?

መልስ፦ አያስከትልም። ስሙ ቢቀራረብም በሚዙሪ ይህኛው በሌላ ሕግ የሚመራ ነው። ከተማው ቦንድ ሸጦ መንገዱን ያሠራል፤ ወጪው በዲስትሪክቱ ውስጥ ባሉ ይዞታዎች ላይ በልዩ ክፍያ መልክ ተከፋፍሎ እስከ 20 ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ የሚከፍሉት እርስዎና ጎረቤቶችዎ ናችሁ፤ ክፍያውም ቤቱን የሚከተል ዕዳ ስለሆነ ለመሸጥ የሚያስቡ ከሆነ ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት። በፊርማ ለማቋቋም ከመሬቱ ስፋት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን የያዙ ባለቤቶች መፈረም አለባቸው። አዲስ ፊርማ ወይም ድምፅ ካልተሰጠ በቀር የመጨረሻው ወጪ ፊርማው ሲሰበሰብ ከቀረበው ግምት ከ25 በመቶ በላይ ሊበልጥ ስለማይችል፣ ከመፈረምዎ በፊት ግምቱን ያንብቡ፤ በላዩም ላይ ሩብ ጨምረው የእርስዎ ድርሻ ስንት እንደሚሆን ያስሉ።